ቅቤው እስኪወጣ፦ ከወተት መናጥ የምንማረው ጽናት

ለጥናቱ የሚነበቡ፦ ምሳሌ 30፥33፤ ገላትያ 6፥9

ስለ ጽናት በምናስተምርበት ጊዜ ምሳሌ የምናመጣው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ነው። ስለ ሰማዕታት እንናገራለን፤ ስለ ረጅም ርቀት ሯጮች እናነሣለን። እነዚህ ሁሉ መልካም ምሳሌዎች ናቸው። ነገር ግን ሰሚው «ይህ የተለዩ ሰዎች ነገር ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጥናት ከጓዳችን ሳንወጣ፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችን በየሳምንቱ የሚሠሩትን፣ ማንም ሥራ ብሎ የማይቆጥረውን አንድ ሥራ እንመለከታለን። እርሱም ወተት መናጥ ነው።

ሥፍራው ሲሬ ነው። ሲሬ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባኮን አልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በቆሎ፣ ጤፍና ኑግ ይዘራል፤ የሚያረባው ከብት በአብዛኛው ሆሮ የሚባለው የአካባቢው ዘር ነው። የሆሮ ላም ለእርሻ የሚሆን ጠንካራ በሬ ትወልዳለች፤ ወተቷ ግን ጥቂት ነው። ጥጃዋ ከጠባ በኋላ ለቤት የሚተርፈው በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት ደግሞ ሃያ ሊትር የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ወተት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንባቢያችን ራሱ ያስላው። ሁለት ላም ያላት እናት ሦስትና አራት ቀን አጠራቅማ የምታገኘው ቅቤ ግማሽ ኪሎ ከሞላ ደስ ይላታል።

ይህች ግማሽ ኪሎ ቅቤ ብዙ ጠሪ አላት። አንጮቴው ተቀቅሎ ሲወቀጥ ቅቤ ይፈልጋል። ጩምቦ ያለ ቅቤ ጩምቦ አይባልም። አራስ ትጠየቃለች፣ ራስ ይቀባል። ከሁሉም በላይ ግን ቅቤ የእናት ገንዘብ ነው። የእህሉን ሽያጭ አባት ይይዘዋል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ወደ ገበያ የሚወርደው ቅቤ ግን በእናት እጅ ገብቶ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ይሆናል። ስለዚህ ቅቤው «አልወጣም» ሲባል የጠፋው ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሥራውን መልክ በትክክል ያላወቀ ሰው ትምህርቱንም አያገኘውምና በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

ወተቱ ወደ መናጫው ከመግባቱ በፊት መናጫው ይታጠባል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ መልካም ሽታ ይሰጣል፤ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። የጠዋቱና የማታው ወተት በየዕለቱ እየተጨመረ ሦስትና አራት ቀን ሲቀመጥ ይረጋል። ትኩስ ወተት አይናጥም፤ እርጎ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ የመጀመሪያው መጠበቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚደረግ ነገር የሌለ ይመስላል፤ ሆኖም ያለዚህ መጠበቅ የሚቀጥለው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

እርጎው ወደ ቅሉ ወይም ወደ እንስራው ሲገባ እስከ አፉ አይሞላም። ግማሹ ያህል ባዶ ይተዋል። ለምን ቢባል፣ እርጎው የሚገላበጥበትና አየር የሚያገኝበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው። ብዙ ቅቤ ላግኝ ብላ ጢም አድርጋ የሞላች ሴት ቀኑን ሙሉ ስትንጥ ትውላለች። ከዚያ አፉ በቆዳ ወይም በኮባ ቅጠል ተከድኖ ይታሰራል፤ መናጫውም በጭን ላይ፣ ወይም መሬት ላይ በተነጠፈ ሣር ላይ ሆኖ፣ አለዚያም ከምሰሶ ተንጠልጥሎ፣ ወዲያና ወዲህ ይባላል።

በውስጡ የሚሆነው ይህ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ስብ ዐይን በማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ተበታትኖ ይኖራል። እያንዳንዱ ጠብታ ስስ ልባስ አለው፤ ልባሱም አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር እንዳይዋሐድ ይከለክለዋል። መናጡ ልባሱን ይቀድደዋል። አንድ ጠብታ ከሌላው ይጋጫል፣ ይጣበቃል፤ ሁለቱ ከሦስተኛው ይጣበቃሉ። ይህ ሁሉ ግን ከውጭ አይታይም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው አረፋ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግማሽ ሰዓትም አረፋው ይወፍራል እንጂ ቅቤ አያይም። እንዲያውም ድምፁ ይታፈናል፣ መናጫው የከበደ ይመስላል፣ ክንድም በጣም የሚዝለው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በድንገት ነገሩ ይለወጣል። የታፈነው ድምፅ ውኃ እንደሚንቦጫረቅ ሆኖ ይሰማል። በመናጫው አንገት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ስንደዶ ቢያስገቡባት የቅቤ ፍርፋሪ ተጣብቆባት ይወጣል። ከሰዓት በላይ ምንም ያልታየበት ሥራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልኩን ያሳያል ማለት ነው።

ፍሬው የሚታየው እንደ ድካሙ መጠን ቀስ በቀስ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ባልተወው ነበር። አንድ አራተኛ ለደከመ አንድ አራተኛ ቅቤ ቢታየው ልጆች እንኳ በደስታ ይንጡ ነበር። ነገር ግን የዚህ ሥራ ጠባይ እንዲህ አይደለም። የሚከብደው ጊዜና ምንም የማይታይበት ጊዜ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ እነርሱም የሚመጡት ከመጨረሻው ጥቂት ቀደም ብለው ነው።

በሲሬ አካባቢ በአንድ ቤት ያየነውን እዚህ ላይ እንጨምር። የገበያ ዋዜማ ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ከእናቷ ተረክባ ስትንጥ ቆየች። ወራቱ ነሐሴ ስለነበረ ዝናቡ አላባራም፤ ቤቱም ቀዝቅዟል። ልጅቱ ክንዷን እያሸች፣ «ሃርሜ፣ ይኼ ወተት ቅቤ የለውም!» አለች።

እናቲቱም፣ «ቅቤማ ላሚቱ ከታለበች ጊዜ ጀምሮ አለ፣ ልጄ፤ አልተገናኘም እንጂ» አሉ።

የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ትርጉሙ የኛ ነው። የጠብታዎቹን ነገር መጽሐፍ ሳያነቡ ጠብታዎቹ የሚሠሩትን በአንድ ቃል ተናገሩት። ከንግግራቸው ይበልጥ ግን ያስተማረን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። «በርቺ» አላሉም፤ አልተቆጡምም። መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው የመናጫውን ሆድ ዳሰሱ። ቀዝቅዞ ነበር። መናጫውን ወደ ምድጃው አስጠጉት፤ ክዳኑን ፈትተው የታፈነውን አየር አስወጡ፤ ለብ ያለ ውኃ በጭልፋ ጨመሩ፤ ጥቂትም አሳረፏት። ከዚያ በኋላ ነው «በይ አሁን ቀጥዪ» ያሉት። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተለወጠ። ልጅቱ ከእናቷ ቀድማ ሰማችው።

ቅቤ ቅዝቃዜም ሙቀትም ሲበዛበት እንቢ ይላል። እርጎው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን መልካም ይናጣል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ስቡ ይደርቅና ጠብታው ከጠብታው አይጣበቅም፤ ሥራው ይረዝማል። ሲሞቅ ደግሞ ቅቤው ቶሎ ይመጣል፤ ነገር ግን ልፍስፍስ ይሆናል፤ ብዙው ስብም ከአሬራው ጋር ይቀራል። የችኮላ ቅቤ የሚያጎድለው እዚህ ላይ ነው። እናቶች ቴርሞሜትር የላቸውም፤ መዳፋቸው ግን ይህን ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ ቤት የምናገኘው ጽናት ዐይኑን ጨፍኖ የሚገፋ ጽናት አይደለም። የሚያዳምጥ፣ የሚዳስስ፣ ሳይተው እጁን የሚለውጥ ጽናት ነው። በአገራችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ይህንንም ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው «ዝም ብለህ ጠብቅ» ለማለት ነው። ይሁን እንጂ እንቁላሉ ዝም ተብሎ ቢቀመጥ እግር አያወጣም። ዶሮዋ 21 ቀን ትታቀፈዋለች፤ በየቀኑም ደጋግማ በመንቆሯ ታገላብጠዋለች። ካላገላበጠችው ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይሞታል። ተረቱን የምንወድ ሰዎች ዶሮዋን የምንረሳት ይመስላል።

ይህ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የምንጭ ኮሚቴ እናውቃለን። ምንጩ በድንጋይና በሲሚንቶ ታጥሮ ቧንቧ ሲገባለት ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ሠርቷል፤ ለጥገና የሚሆነውንም መዋጮ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ከፈለ። በሁለተኛው ዓመት ግን ከግማሽ በታች የሆነው ቤተሰብ ብቻ ከፈለ። በስብሰባ ላይ ምክር ተሰጠ፤ ስለ ትጋት ተነገረ፤ አንዳንድ ሽማግሌዎችም «ይህ ሕዝብ የጀመረውን አይጨርስም» ብለው አዘኑ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሴት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «መዋጮውን የምንሰበስበው በየትኛው ወር ነው?» የሚሰበሰበው በሐምሌ ነበር። ሐምሌ ደግሞ በዚያ አገር የአምናው እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ የዘንድሮውም ገና በማሳ ያለበት ወር ነው። መዋጮው በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ጥር ተዛወረ፤ ሰዉም ከፈለ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ ምንጩም ያው ምንጭ ነው። ቀዝቅዞ የነበረው መናጫው ነው።

በገላትያ 6፥9 ሐዋርያው መልካም ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች እንዳይታክቱ ሲናገር፣ አጨዳው በጊዜው እንደሚሆን ያስታውሳቸዋል። ብዙዎቻችን «አለመታከት» የሚለውን ይዘን «በጊዜው» የሚለውን እናልፈዋለን። ገበሬ ግን አያልፈውም። በሐምሌ ማጭድ ይዞ ወደ በቆሎ ማሳ የሚወጣን ሰው ጽኑ ነው የሚለው የለም።

አሁን ከሲሬ ተነሥተን መንገዱን ይዘን ወደ ነቀምቴ እንለፍ፤ በዚያ የተፈጸመ አንድ ሥራ ይህንኑ በሌላ መልክ ያሳየናልና። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሑሩሙ አካባቢ ተወልደው በሕፃንነታቸው ለባርነት ተሸጡ። በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃ ወጡ፤ በዚያም ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማሩ፤ በኋላም ወደ ስዊድን ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። የልባቸው ሐሳብ ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው በቋንቋቸው ማስተማር ነበር። በ1881 እ.ኤ.አ. ጉዞ ጀመሩ፤ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ አልሆነም፣ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ አቅጣጫ ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፉበት ፈቃድ ግን አላገኙም። እንደገና ተመለሱ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው ሐሳቡን መተው ነው። ሁለተኛው በተዘጋው በር ላይ ራስን እየመቱ ዕድሜን መጨረስ ነው። እርሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። ወደ ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ተመልሰው በብዕር ሥራ ላይ ተቀመጡ። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ስለሆነ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በቂ አልነበረም። ለዚህ ጉድለት መልስ የሆኑት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም በባርነት ከተሸጡ በኋላ በ1886 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጥተው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት የገቡ ወጣት ነበሩ። ቋንቋውን በሙሉ ጣዕሙ ያውቁ ነበርና ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን፣ እንዲሁም ብዙ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከማስታወሻቸው አውጥተው ጻፉ። የሲሬዋ እናት እንዳሉት ነው፤ ቃሉ ነበረ፣ አልተገናኘም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ፍሬው ተከታትሎ መጣ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪስኮና ታተመ። ኦነሲሞስና አስቴር ነቀምቴ የደረሱት በ1904 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያም ማስተማር ጀመሩ። ከመጀመሪያው ጉዞ እስከዚያ ቀን 23 ዓመት ሆኗል። መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት የሠሩት ሥራ ባይኖር ኖሮ፣ በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ በእጃቸው የሚይዙት መጽሐፍ ባልኖረ ነበር። ይህን ታሪክ ስንተርክ የኦነሲሞስን ስም ብቻ አንሥተን የምናልፍ ከሆነ ግን ትምህርቱን እናጎድለዋለን። በጓዳ የተሠራው ሥራ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ስለ ጓዳ ካነሣን ዘንድ፣ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብን። ጽናትን የምናመሰግን ሰዎች የሌላውን ሰው ድካም ማመስገን ይቀናናል። «እናቶቻችን እንዴት ጽኑ ናቸው!» ብሎ በስብሰባ ላይ መናገር ቀላል ነው፤ የእናቲቱን ወገብ ግን አያሳርፈውም። በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማእከል (ኢልካ፣ በኋላ ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ የሆነው) በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የገጠር ሴቶችን የወተት አናናጥ በቅርብ አጥንቶ ነበር። በተለመደው መንገድ በሸክላ ዕቃ መናጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ባለሞያዎቹ አዲስ መኪና አላመጡም፤ በዚያው በእንስራው ውስጥ የሚገባ፣ በገመድ የሚሽከረከር የእንጨት መማሰያ ሠሩ። ሥራው ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አጠረ፤ የሚገኘውም ቅቤ በዛ። ማንኛውም የገጠር አናጢ ሊጠርበው የሚችል ዕቃ ነው።

ይህንን የምናነሣው ጽናትን ለማሳነስ አይደለም። ባለሞያዎቹ መማሰያውን እስኪያገኙ ድረስ ስንት ጊዜ ጠርበው ስንት ጊዜ ጥለው ይሆን? ነገር ግን የሁለት ሰዓቱ ድካም በራሱ ቅዱስ አይደለም። ሊቀልል የሚችለውን ሸክም «ጽናት ያስተምራቸዋል» ብሎ በልጃገረዶች ክንድ ላይ መተው ትክክል መስሎ አይታየንም። ሥራው በእርግጥ ጽናትን የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ፣ ወንዶች ልጆች ከዚህ ትምህርት ለምን ይቀራሉ? በወለጋም ሆነ በሌላው አገራችን ወተት መናጥ የሴት ሥራ ነው ይባላል። ጽናት የሴት ብቻ ነው የሚል ግን በመጽሐፍም በባህልም አላገኘንም። ልጁ አንድ ቀን መናጫው አጠገብ ይቀመጥ፤ ምናልባት በሚቀጥለው ቀን ቅቤውን ሲበላ ዝም ብሎ አይበላም።

ስለ ምሳሌ 30፥33 ደግሞ ጥቂት እንበል። በዚህ ቁጥር ወተት መናጥ በግልጽ ተጠቅሷል። የሚደንቀው ግን ጠቢቡ ይህን ምሳሌ ያመጣው ጽናትን ለማመስገን አለመሆኑ ነው። ወተት ሲገፋ ቅቤ ይሰጣል፤ አፍንጫ ሲጨመቅ ግን ደም፣ ቁጣም ሲገፋ ጠብ እንደሚወጣ ያስጠነቅቃል። እጁ አንድ ነው፤ መግፋቱም አንድ ነው፤ የሚወጣው ነገር ግን እንደተያዘው ነገር ይለያያል። በድንበር ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር ዐሥራ አምስት ዓመት የተካሰሰ ሰው ጽናት የለውም አይባልም። በማኅበር ውስጥ አንድን ያለፈ ቂም በየስብሰባው የሚያነሣም ሰው እንዲሁ ነው። ስለዚህ «በርታ፣ አትተው» ከማለታችን በፊት ሰውየው የያዘው እርጎ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ቅቤው ከወጣ በኋላም ሥራ አለ፤ ልጆች ግን ይህን ክፍል ቶሎ ይረሱታል። ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ መናጫው በዝግታ ይሽከረከራል፤ በዚህ ጊዜ በኃይል የሚንጥ የያዘውን ይበትናል። ከዚያ ቅቤው ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ይታሻል። በውስጡ የቀረው አሬራ ካልወጣ ቶሎ ይበላሻልና። ከምረቃ በዓል በኋላ የተተዉ ምንጮችን፣ የእህል መጋዘኖችንና የችግኝ ጣቢያዎችን ላየ የፕሮጀክት ሠራተኛ ይህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ጥናት በቡድን ለምታጠኑ እንዲህ እንድታደርጉ እንመክራለን። ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ወይም የላስቲክ ዕቃ አምጡ። ግማሽ ሊትር ያህል በደንብ የረጋ እርጎ ጨምሩበት፤ ከዚያ በላይ አትሙሉት። ጥናቱን የሚመራው ሰው ሰዓቱን ይያዝ፤ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይናጥ። ወንዶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅም ተራቸውን ይውሰዱ። በየዐሥር ደቂቃው ክዳኑ ተከፍቶ አየሩ ይውጣ። አንድ ሰው ግን ሳይንጥ በዝምታ ተቀምጦ፣ በየሰዓቱ የተባለውን ይጻፍ፤ ማን መጀመሪያ «ይህ ነገር አይሆንም» እንዳለ፣ ማን ደግሞ ዕቃው ቀዝቅዞ እንደሆነ ለመዳሰስ እንዳሰበ። የቀዘቀዘ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት።

የተጻፈው በመጨረሻ ይነበብ፤ ውይይቱም ከዚያ ይነሣ። በእናንተ ማኅበር ወይም ፕሮጀክት አሁን አረፋ ብቻ የሚታይበት ሥራ የትኛው ነው? ሰዎቹ ደክመው ነው ወይስ ዕቃው ቀዝቅዞ? መዋጮው፣ ስብሰባው፣ የሥራው ሰዓት ለማን ይመቻል፣ ለማንስ አይመችም? ሳይረጋ መናጥ የጀመራችሁት ነገር አለ? ሊተው የሚገባውስ? በስብሰባችሁ ስሙ የማይጠራ፣ ሥራው ግን ሌላውን ሁሉ የያዘ ሰው ማን ነው? በጥያቄዎቹ ሁሉ ላይ በአንድ ቀን ማለፍ አያስፈልግም፤ አንዱ ብቻ ቢያከራክራችሁ ይበቃል።

ከግማሽ ሊትር እርጎ የሚወጣው ቅቤ ከአንድ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ በመጠኑ አትዘኑ። በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ በቆሎ ቂጣ ላይ ቅቡት፤ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይደርሳል። አሬራውን አትድፉት፤ በለሰለሰ እሳት ላይ ሳይፈላ ቢሞቅ አይብ ይወጣዋል። ዕቃውን በሙቅ ውኃ አጥቦ ለባለቤቷ መመለስ የጥናቱ መሪ ድርሻ ነው።